ባዶ መስሎኝ

«ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይባላል። ፍቺው አይከብድም። የተደገነበት ሰው ጎርሷል ብሎ ይፈራል፤ የደገነው ሰው ደግሞ ባዶ መሆኑን ስለሚያውቅ «ቢነቃብኝስ?» ብሎ ይፈራል። ጥሩ ተረት ነው። ለፖለቲካም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ለፍቅርም ይሠራል። እኔን ግን ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ተረቱ ሲጀምር ከሁለቱ አንዱ እንደሚያውቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ደጋኙ ባዶ መሆኑን ያውቃል፣ በቃ። እንዴት አወቀ? መቼ አየ? ካየ በኋላስ ጠመንጃው ከእጁ አልወጣም? ተረቱ ስለዚህ ምንም አይልም። እኔ ላወራ የፈለግኩት ስለዚሁ ነው፤ ሰው «ባዶ ነው» የማለት መብት የሚያገኘው መቼ ነው?

በዘመናዊ መሣሪያ ከሆነ ጥያቄው ቶሎ ያልቃል። ካዝናውን ትነቅላላችሁ፣ ከኋላ ትከፍታላችሁ፣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ የማወራው ግን በአፈሙዙ ስለሚጎርሰው ጠመንጃ ነው። ይሄኛው ከኋላው ድፍን ነው፤ የሚከፈት ነገር የለውም። ባሩዱም አረሩም የሚገባው በፊት በኩል ነው፣ እሳቱ በሚወጣበት በዚያው አፍ። አንድ ሜትር የሚጠጋ ጨለማ ቱቦ፣ ከታች ተዘግቶ። ውስጡ ሞት ይኑር አየር ይኑር ከውጭ ለሚያየው ልዩነት የለውም። በክብደትም አይለይም፤ አንድ መካከለኛ አረር ከነባሩዱ 16 ግራም ገደማ ነው፣ ጠመንጃው ራሱ ከ3 ኪሎ በላይ። በነገራችን ላይ በአማርኛ ሁሉም ጠመንጃ «ይጎርሳል»፣ እኛም «እናጎርሰዋለን»። ለክላሽ ቃሉ ዘይቤ ነው። ለዚህኛው ግን ቃል በቃል እውነት ነው፤ በአፉ ነው የሚጎርሰው፣ ጉርሻውም በእጅ ነው።

ኮድ ጽፌ ነው የምበላው። በእኛ ሙያ ከሁሉም የሚያስፈራው ነገር ከውጭ የማይነበብ ስቴት ነው። አንድ ቫሪያብል ውስጥ ምን እንዳለ ሳታይ እንዳለ ገምተህ የጻፍከው መስመር፣ የሆነ ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል። ይህን ጠመንጃ መጀመሪያ ሳየው የተሰማኝ ያው ስሜት ነው፤ ብረት የለበሰ ቫሪያብል።

ያስተዋወቀኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመት የቀረው ሰው። የምንሠራው ሜሪላንድ ቢሆንም እሱ ያደገው ከድንበሩ ማዶ ፔንሲልቬንያ ነው። እዚያ ከገና በኋላ በባልጩት ድንጋይ በሚቀጣጠል ጠመንጃ ብቻ የሚፈቀድ የአጋዘን አደን ወቅት አለ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ ተሸክሞ በበረዶ ውስጥ መዞር ለምን እንደሚያስደስት አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ እኔ ብርዱን ራሱ ገና አልለመድኩትም። ግን አንድ ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ቦታ አብሬው ሄድኩ፣ ከዚያም ደጋግሜ ሄድኩ። የሳበኝ ተኩሱ አይደለም። ከተኩሱ በፊትና በኋላ የሚደረገው ነው።

አጎራረሱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዘንጉን አፈሙዙ ውስጥ ጥሎ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል። ካለፈው ጽዳት የተረፈውን ቅባት በደረቅ ጨርቅ ያወጣል። መቺው ወርዶ፣ የባሩዱ ሳህን ተከፍቶ ባዶውን ይቆያል፤ ብልጭታ እንዳይፈጠር። አፈሙዙ ወደ ላይ፣ ከፊቱ ራቅ ብሎ። ባሩዱን ከቀንዱ በቀጥታ ወደ ጠመንጃው አያፈስም፤ መጀመሪያ ወደ ትንሽ መስፈሪያ፣ ከመስፈሪያው ወደ ጠመንጃው። ይሄን «ለምን ሁለት ጊዜ ትገለብጣለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ካለፈው ተኩስ የቀረች አንዲት ፍም ታች ብትኖር፣ የሚቀጣጠለው መስፈሪያው ውስጥ ያለው 70 ግሬን ነው፣ ማለትም 4 ግራም ተኩል ገደማ። እሱም ቀልድ አይደለም፣ ግን እጁ ላይ ያለው ሙሉ ቀንድ ባሩድ ቢሆን ኖሮ መልሱን የሚነግረኝ ሰው አይኖርም ነበር። ከዚያ ቅባት የነካ ጨርቅ፣ ከላዩ የእርሳስ አረር፣ ከዚያ ዘንጉ። ዘንጉን ከአፈሙዙ አጠገብ በጣቶቹ ይዞ አጭር አጭር እየገፋ ነው የሚያወርደው፤ ከላይ ይዞ በኃይል የገፋ ሰው የእንጨት ዘንግ ቢሰበርበት ስብራቱ መዳፉን ይበሳዋል። አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት። በመካከል ክፍተት ከቀረ አረሩ ጥይት መሆኑ ቀርቶ ውታፍ ይሆናል፣ ቱቦውም ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ተተኪው ብቻ ነው። የዛሬ ጥይት ውስጥ ያለው ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት ይሄ ብረት አይችለውም፤ ትንሽ ነው፣ ለሙከራ ነው የሚባል ነገር የለም። ሳህኑ ላይ የሚደረገው ማቀጣጠያ ባሩድ ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ዞሮ፣ ከዚያ በፊት በፍጹም።

ዘንጉ ላይ ሁለት ጭረት አለ። አንደኛው ጠመንጃው ባዶ ሲሆን ዘንጉ እስከየት እንደሚገባ ያሳያል፣ ሁለተኛው ሲጎርስ የት እንደሚቆም። በሁለቱ ጭረቶች መካከል ያለው የአንድ አውራ ጣት ያህል እንጨት ነው። ያንን የማይነበብ ጨለማ የሚያነበው ብቸኛ ነገር ይሄ እንጨት ነው።

እዚያ ቦታ ከምንም በፊት የሚነገረው ደንብ «ማንኛውም ጠመንጃ ጎርሷል» የሚል ነው። «ጎርሶ ሊሆን ይችላል» አይደለም፣ «ጎርሷል» ነው። መጀመሪያ ስሰማው አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር እውነት ነው ብሎ እንዲይዝ ሲነገረው ይጎረብጠዋል። ዘንጉን ጥዬ አይቻለሁ፣ ጭረቱ ባዶ ነው ብሏል፣ ታዲያ አሁንም «ጎርሷል» ማለት ራስን ማታለል አይደለም? ሰው ስለማያምነው ነገር እንደሚያምን ሆኖ መኖርስ ግብዝነት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ይዤው ቆየሁ። መልስ መስሎ የታየኝን ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ይሉኝታ ላውራ፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ችግሩ ከሎጂክ አይጀምርም።

ባልደረባዬ ጠመንጃውን መጀመሪያ ሲሰጠኝ ዘንጉን እፊቴ ጣለ፣ ጭረቱን አሳየኝ፣ «ባዶ ነው» አለ። ከዚያ ጠመንጃውን ከነዘንጉ ሰጠኝና ዝም ብሎ ቆመ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም በተራዬ እንድጥለው ነው። ጣልኩት፤ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። የአባቴ እኩያ የሆነ ሰው፣ ዓይኔ እያየ ያረጋገጠውን ነገር እፊቱ መልሶ መፈተሽ ባደግኩበት ቤት ነውር ነው። ሽማግሌ የቆጠረውን ገንዘብ እፊቱ አትቆጥርም። «አታምነኝም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ አየር ላይ ይንሳፈፋል። እሱ ግን ሳልፈትሽ ብቀበለው ኖሮ ነበር የሚቀየመው። ለሱ መፈተሼ ያለማመን አይደለም፤ ነገሩን ሁለታችንም እኩል ተሸክመነዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አስተዋልኩ፤ እዚያ ቦታ ስንት ዓመት አብረው የተኮሱ ሽማግሌዎች ጠመንጃ ሲቀባበሉ ሁሌ ዘንጉ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። አንዱም አይቀየምም።

ይሉኝታን ከነጭራሹ ማጣጣል አልፈልግም። ብዙ ነገራችንን ያቆመው እሱ ነው። ግን ይሉኝታ ጠመንጃው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

ለእናቴ ይህን ሳወራላት ልጅ ሆና የሰማችውን ነገረችኝ። ጎጃም ውስጥ እሷ ባደገችበት አካባቢ ሁለት አብሮ አደግ ወዳጆች ነበሩ። አንደኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን ሲወለውል ሌላኛው ቡና ሊጠጣ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ትገምታላችሁ። ገዳዩ ለወራት ከአፉ የሚወጣው ሁለት ቃል ብቻ ነበር አሉ፤ «ባዶ መስሎኝ»። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ካሳ ተከፈለ፣ እርቅ ሆነ። ማንም ሆን ብሎ ነው አላለም። የሟች እናት ግን እርቁ ቀን አንድ ነገር ብላለች፤ «ማን ነው ያስመሰለው?»

እስቲ «መስሎኝ» የሚለውን ቃል እዩት። ሰዋስዉ ራሱ ሰውየውን ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጣዋል። መሰለ፤ ለእኔ መሰለኝ። ያደረግኩት ነገር የለም፣ የመሰለ ነገር ነው ወደ እኔ የመጣው። «ባዶ ነው ብዬ አመንኩ» ቢል ማመን ሥራ ነውና ባለቤት ይኖረዋል። «መስሎኝ» ግን እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ያረጥባል፣ ይሄዳል። የሟች እናት ጥያቄ ትክክል የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። (ይኸው፣ እኔም «ይመስለኛል» አልኩ። ቋንቋችን ውስጥ ከሱ ማምለጥ ከባድ ነው።)

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው የእምነት ሥነ ምግባርን የሚመለከት ድርሰት ላይ የአንድ የመርከብ ባለቤት ምሳሌ ያነሳል። መርከቡ አሮጌ ነው፣ ደጋግሞ ተጠግኗል፣ ስደተኞችን ጭኖ ሊሄድ ነው። ባለቤቱ ጥርጣሬ ገብቶታል፤ ግን ማስመርመሩ ወጪ ነው። ስለዚህ ራሱን ያባብላል። «ስንት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል፣ እግዚአብሔርም እነዚህን ምስኪኖች አይጥልም» እያለ ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ ከልቡ ያስወጣል፤ በመጨረሻም ከልቡ ያምናል። መርከቡ ይሰምጣል። ክሊፈርድ የሚለው፣ ሰውየው ከልቡ ማመኑ አያድነውም ነው፤ ባለው ማስረጃ ያንን የማመን መብት አልነበረውምና። ከዚያ ይበልጥ የሚያስደነግጠውን ይጨምራል። መርከቡ በሰላም ደርሶ ቢሆን ኖሮም ጥፋቱ ያው ነበር፤ የተለየው አለመታወቁ ብቻ ነው። ሌላው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ማስረጃ ሳይሟላም ማመን የሚፈቀድበት ጊዜ አለ ብሎ ተከራክሮታል። ስለ ፍቅርና ስለ ሃይማኖት ጄምስን ልሰማው እችላለሁ። አፈሙዝ ፊት ሰው ካለ ግን ክሊፈርድ ጋር ነኝ።

ክሊፈርድ ላይ ትንሽ የምቆምበት ቦታ አለ፤ «ጥፋቱ ያው ነበር» የሚለው። የጎረሰ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የተኙ ሁለት አባወራዎችን አስቡ። የአንደኛው 30 ዓመት እዚያው ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። የሌላኛውን የልጅ ልጁ ያወርደዋል። ሁለቱ ያደረጉት አንድ ነው፤ እኛ ግን አንዱን አዛውንት፣ ሌላውን ነፍሰ ገዳይ እንላለን። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን እንቆቅልሽ «የሞራል ዕድል» ብለው ስም አውጥተውለታል። የኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ላይ ቸልተኛ የሚለው አደጋውን እያወቀ ያላመዛዘነውን ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላወቀውንም ነው። ማለትም «መስሎኝ» ሕጉ ፊት ሙሉ መከላከያ አይደለም። ፍርድ ቤት የሚቆመው ግን ሰው የሞተበት ነው፤ ያ አቧራ የሚጠጣው ጠመንጃ ባለቤት በሰላም ይኖራል። ይሄ ፍትሕ ነው? አይመስለኝም። ሌላ አማራጭ አለ? እሱም አይታየኝም። ሰውን ባልሆነ ነገር መክሰስ የጀመረ መንግሥት የት እንደሚቆም ከእናንተ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1863 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጌቲስበርግ ላይ ለሦስት ቀን ውጊያ ተደረገ። ሁለቱም ወገኖች በብዛት የያዙት በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ከውጊያው በኋላ ሜዳው ላይ ወድቆ የተገኘው ጠመንጃ ሲቆጠር 27,574 ሆነ። በስፋት በሚጠቀሰው በዚያ ቆጠራ መሠረት 24,000 ያህሉ ጎርሷል። ከነዚህ 12,000 ያህሉ ሁለት ጊዜ፣ 6,000 ያህሉ ደግሞ ከሦስት እስከ አሥር ጊዜ ተደራርቦ ጎርሷል። አንደኛው ውስጥ 23 ተገኝቷል።

ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተጽፏል። ወታደሮቹ ሰው መግደል ስላልፈለጉ እየተኮሱ መስለው ያጎርሱ ነበር የሚሉ አሉ፤ ደስ የሚል ንባብ ነው፣ ስለ ሰው ልጅ በጎ እንድናስብ ያደርጋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ተራው ማብራሪያ ነው። ግራና ቀኝህ በመቶ የሚቆጠር ጠመንጃ እያጓራ፣ ጭሱ ዓይንህን ጋርዶት፣ ቃታ ስበህ ያንተ መተኮሱንና አለመተኮሱን በምን ታውቃለህ? ትከሻህ ተመታ መሰለህ። ባዶ መሰለህ። እጅህ የሠለጠነበትን ይደግማል፤ ባሩድ፣ አረር፣ ዘንግ። ዘንጉ ከሚቆምበት በላይ ቢቆምም ማን አይቶ?

ይሄን የኛ ሰፈር ልጆች ቶሎ ይረዱታል። ሰርቨር ጥያቄ ላክህ፣ መልስ አልመጣም። መልስ አለመምጣቱ ጥያቄው አልደረሰም ማለት አይደለም። ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቀንሶ፣ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አንተ «አልሄደም» ብለህ ደግመህ ስትልክ ከሰውየው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ጌቲስበርግ ላይ የተገኘው 12,000 ጠመንጃ እኮ ያው ነው፤ መልሱን ሳይሰማ ደግሞ የላከ።

ለዚህ ነው ቃታ ተስቦ ዝም ሲል ያለችው ደቂቃ እኔ ዘንድ ከሁሉም የከበደችው። ባልጩቱ ይመታል፣ ሳህኑ ላይ ያለው ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ጠመንጃው ዝም። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጠመንጃውን አውርዶ ማየት ነው፤ «ምን ሆነ?» ማለት። ደንቡ ይሄን በትክክል ይከለክላል። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ፣ ከትከሻህ ሳታወርድ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትጠብቃለህ። እሳቱ በትንሿ ቀዳዳ ውስጥ እየተሳበ ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የሚተኩስ ጠመንጃ የታወቀ ነገር ነው። አንድ ደቂቃ 3 ኪሎ ተኩል ብረት ደግኖ መቆም ምን ያህል እንደሚረዝም ሞክራችሁ እዩት። ሰው ድርጊቱ ሲሳካ ኃላፊነት ይሰማዋል፣ ሲሳሳትም ይሰማዋል፤ ድርጊቱ «ያልሆነ» ሲመስል ግን ወዲያው ይለቀዋል። እዚያች ደቂቃ ውስጥ ያልሆነ ነገር አለ ማለት አይቻልም። ገና ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ሐሰት ወደሚመስለው ደንብ ልመለስ። «ማንኛውም ጠመንጃ ጎርሷል»። በመጀመሪያ አንድ ግልጽ ችግር አለበት፤ ቃል በቃል ከተወሰደ ጠመንጃ ማጽዳት አይቻልም። ዘንግና ጨርቅ ይዞ አፈሙዙ ፊት እጁን የሚያኖር ሰው የሆነ ጊዜ ላይ «ባዶ ነው» ማለት አለበት። ደግሞም ሁሉም ነገር አደገኛ ነው የሚባልበት ቦታ ሰው መስማት ያቆማል። ሥራ ቦታዬ ላይ ያየሁት ነው፤ በቀን 300 ጊዜ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ማንም አይከፍተውም፣ 301ኛው እውነተኛ ቢሆንም። ስለዚህ ደንቡን በአፉ እየደገመ አፈሙዙን ጓደኛው ጉልበት ላይ የሚያሳርፍ ሰው ብታዩ አትገረሙ፤ እኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ደንቡን እምነት አድርጌ ማንበብ ትቻለሁ። ስለ ጠመንጃው የሚናገርም አይመስለኝም፤ የሚናገረው ስለ እውቀቴ ነው። «ባዶ ነው» የሚለው እውቀት ዕድሜ አለው፤ ዘንጉ በወረደበት ቅጽበት ይወለዳል፣ ጠመንጃው ከእጄ ሲወጣ ወይም ጀርባዬን ስሰጠው ይሞታል። ሽንት ቤት ሄጄ ስመለስ አዲስ ጠመንጃ ነው። ሌላ ሰው ሲሰጠኝ አዲስ ጠመንጃ ነው። የማንም ሐቀኝነት አልተጠረጠረም፤ የእውቀቱ ቀን ነው ያለፈው። አንዳንዱ ሰው ይህን በወጪና በዕድል ስሌት ያስረዳዋል፤ ዘንጉን መጣል አምስት ሰከንድ ነው፣ ስህተቱ የሰው ሕይወት ነው፣ ስለዚህ ያዋጣል። ስሌቱ ልክ ነው ግን ዋናውን ይስታል። አምስት ሰከንዱ የእኔ ነው፣ ሕይወቱ የሌላ ሰው። ቡና ሊጠጣ መጥቶ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው «ልገምት?» ብሎ የጠየቀው የለም።

እዚህ ጋ ስለ ሕግ አንድ ነገር። የአሜሪካው የ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎችን በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚቆጥራቸው፤ የክፍለ ግዛቶቹ ሕግ ይለያያል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ እንደ መጫወቻ ያያቸዋል። እኛም ብንሆን «ነፍጥ» ስንል ዛሬ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የፖለቲካ ስድብ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። ግን ነፍጥ ማለት በመጀመሪያ ይሄ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልም የሚጎርሰው በአፉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1868 አሮጌ ላይ የቴዎድሮስ ሰዎች በዘንግ እየጠቀጠቁ ሲያጎርሱ እንግሊዞቹ በኋላው የሚጎርስ ስናይደር ይዘው ነበር የመጡት። ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ ተሸነፈ ማለት መግደል አይችልም ማለት አይደለም። ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከተቀመጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው ከዚያው የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈ የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል፤ ጦርነቱ ካለቀ 143 ዓመት ሆኖት ነበር።

ማታ ጽዳት አለ። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላይ ክብደቱ ጭስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዝቃጩ ጨው ስላለበት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱም በአንድ ሌሊት መዛግ ይጀምራል። ስለዚህ «ደክሞኛል፣ ነገ» የለም። መድኃኒቱ ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው፣ እንደ ድስት። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ የባልደረባዬ ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ እንዳያደርገው ከከለከለችው ቆይቷል። ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል። እዚህ ጋ የወደድኩት ነገር ቢኖር መጠንቀቅም ሊበዛ መቻሉ ነው፤ ዘይቱ ከበዛ ወደ ታች ወርዶ የእሳቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባሩዱን ያረጥበዋል፣ ጠመንጃው ቃታ ተስቦ ዝም ይላል። ከዚያ ያቺ ደቂቃ።

በቅርቡ ጎጃም ያለው ትልቁ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አያቴ ቤት ከመኝታው በላይ የተሰቀለ የቅድመ አያቴ ጠመንጃ እንዳለ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ በአፈሙዙ የሚጎርስ መሆኑን ግን አሁን ነው ያሰብኩት።

«ጋሼ፣ ያ ጠመንጃ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው እንጂ! ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ተተኩሶ አያውቅም» አሉ፣ ሳቅ ብለው።

መልሱ እስኪገባኝ ጥቂት ሰከንድ ወሰደብኝ። ለዘመናት አልተተኮሰም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ቅድመ አያቴ አጉርሶት ከሰቀለው፣ አለመተኮሱ አሁንም እንደጎረሰ ለመሆኑ ዋናው ማስረጃ ነው። ይህን በአክብሮት ለማስረዳት 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። አትውረዱት፣ አትወልውሉት፣ እሳት አታስጠጉት፣ በውስጡ አትመልከቱ፣ ልጅ አይንካው፣ የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ይቆይ አልኳቸው። «እንግዲህ አንተ ተምረሃል» አሉኝ፤ ማመናቸው ይሁን መታዘባቸው ከድምፃቸው አልለየሁትም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ሄዳ ነበር። ጠመንጃው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው አለችኝ። አልጋውን ግን አፈሙዙ ከሚያይበት አንስተው ወደ ጓዳው በር አዙረውታል።